ካርታው አንድ፣ መንገዱ ሁለት

ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዱ ባለ ጋራዥ ነው፣ አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ከዕለታት በአንዱ ቅዳሜ፣ ሞተሩ ወርዶ በቆመ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ኮፈን ላይ የአፍሪካን ካርታ ዘረጋንና "ከአዲስ አበባ እስከ ኬፕታውን በመኪና!" አልን። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ስኮርታው ሁለት እንዲሆን፣ ጀሪካኑ አራት እንዲሆን ሁሉ ተስማምተን ነበር።

ሐሳቡ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከቅናት ነው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ፈረንጆች ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን ድረስ በብስክሌት የሚወርዱበት "ቱር ደ አፍሪክ" የሚባል ጉዞ አለ። 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ወር የሚፈጅ! በአገራችንም ሲያልፉ አይተናል፤ ሕፃናቱ "ዩ! ዩ!" እያሉ ይከተሏቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም ደግሞ ኢዋን ማክግሬገር የተባለው የፊልም ተዋናይ ከባልንጀራው ጋር ከስኮትላንድ ተነሥቶ በሞተር ብስክሌት በእኛው በኩል አልፎ ኬፕታውን ገባ። ጉዞውም የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። እኛ በፊልሙ ውስጥ አለን፤ መንገድ ዳር ቆመን እጃችንን ስናውለበልብ።

እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ እጅ የሚውለበለብልን እኛ ብንሆንስ?

ዕቅዱ ይህ ነበር። ወደ ካይሮ ያለውን ተውነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ሱዳን በጦርነት እሳት ውስጥ ስለገባች በዚያ በኩል ለሽርሽር የሚታሰብ ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ደቡብ። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፤ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሞያሌ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ። ይህ መንገድ ድሮ ሽፍታ የሚፈራበት፣ የጭነት መኪና በወታደር ታጅቦ የሚያልፍበት ኮረኮንች ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ነው። ከናይሮቢ አሩሻ፣ ዶዶማ፣ ምቤያ፣ ከዚያም በቱንዱማ በኩል ዛምቢያ። ሉሳካ ሁለት ሌሊት ዕረፍት። ሊቪንግስተን ላይ፣ የአገሩ ሰው "የሚነጎደው ጭስ" እያለ የሚጠራውን ፏፏቴ ማየት። ከዚያ በግንቦት 2013 ዓ.ም በተመረቀው የካዙንጉላ ድልድይ ዛምቤዚን ተሻግሮ ቦትስዋና፤ ከቦትስዋና ደቡብ አፍሪካ።

መቼም ካርታ ደስ ይላል። ካርታ ላይ ኬላ የለም፣ ጎማ አይፈነዳም። ግን ነገሩን ጠበቅ አድርገን ስንይዘው አህጉሩ እየሰፋ ሄደ። 30 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር! የእኛ አገር ከዚህ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ከመቶ ሺህ ገደማ ብትሆን ነው። "መቼ እንውጣ?" አልን። ኬንያና ታንዛኒያ ትልቁን ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያገኛሉ፤ ዛምቢያ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይዘንብባታል። ስለዚህ ሰኔ ጥሩ ነው፤ እኛ ክረምት ስንገባ እዚያ መንገዱ ይደርቃል። ኬፕታውን ስንደርስ ግን እሷ በተራዋ ክረምቷን ይዛ ትጠብቀናለች። ደግሞ ሞያሌን ስንሻገር መሪውን ይዞ ወደ ግራ መዞር አለ፤ ከኬንያ ጀምሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዳው በግራ ነው።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ለሰው የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርድ፣ ለመኪና ደግሞ ኮሜሳ "ቢጫ ካርድ" የሚለው መድን። የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጄ "ሁለት ቢጫ ካየህ እኮ ቀይ ነው" አለ፤ ሳቅን። ቀዩም አልቀረም። ቪዛ ነው።

ኬንያ ለእኛ ቪዛ አትጠይቅም፤ እግዜር ይስጣት። ደቡብ አፍሪካ ግን ጀርመኑንና እንግሊዙን ያለ ቪዛ 90 ቀን ስታስገባ፣ በዚሁ አህጉር ተወልዶ ላደገው ለእኔ የባንክ ደብተር፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የመመለሻ ማረጋገጫ ታስቆጥራለች። ይህ የእኔ የድሃው እሮሮ ብቻ አይደለም። ቱጃሩ ዳንጎቴ በግንቦት 2016 ዓ.ም ኪጋሊ ላይ፣ በአፍሪካ ለመዘዋወር 35 ቪዛ እንደሚያስፈልገው በአደባባይ ሲያማርር ተሰምቷል። ዳንጎቴ ካማረረ እኛ ምን ልንሆን ነው?

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ እንዳይሆን የተባለው እዚሁ እኛው ከተማ ነው። ግንቦት 1955 ዓ.ም መሪዎቹ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካን አንድነት ፈረሙ። ከካይሮ ኬፕታውን የሚዘረጋው አውራ ጎዳና ሲታቀድ ከአቃጆቹ አንዱ ካሳንችስ አጠገብ ያለው የኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። በጥር 2010 ዓ.ም አፍሪካውያን በአህጉራቸው በነፃ እንዲንቀሳቀሱ የሚለው ስምምነት የጸደቀውም አዲስ አበባ ላይ ነው። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች በየምክር ቤታቸው ሊያጸድቁት ይገባል። ፈራሚው ብዙ፣ አጽዳቂው ጥቂት ሆኖ ቀረ። እኛም ለጉባኤው መንገድ ሲዘጋብን ታክሲ ከመጠበቅ በቀር ያተረፍነው የለም።

ግን ጣቴን ወደ መሪዎች ብቻ ብቀስር ውሸታም እሆናለሁ። ዕቅዱን ለቤተሰብ ስናገር እኅቴ "በዚህ ገንዘብ ዱባይ አትሄድም?" አለችኝ። እናቴ "ምን ጎድሎህ ነው?" አሉ። አንድ የተማረ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "አፍሪካ? አፍሪካ ሄደህ ምን ልታይ?" አለኝ። ጎበዝ፣ ይህን ሲለኝ የተቀመጠው የት ሆኖ ነው? ከካምፓላ የመጣን ሰው "አፍሪካ ደርሶ መጣ" የምንል እኮ እኛ ነን። የእንግሊዝ ክለቦችን ሜዳ በስም እንቆጥራለን፤ የዛምቢያን ዋና ከተማ ስንጠየቅ ጣሪያ እናያለን። እኔም ከዚያ ቅዳሜ በፊት ማላዊ የኬንያ ጎረቤት ትመስለኝ ነበር። ሌላው በር ሲዘጋብን እናማርራለን፤ እኛ ግን በሩን አንኳኩተን አናውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ስናወራ የጋራዡ ረዳት ጎማ እያስተካከለ ይሰማን ነበር። ዕድሜው ሃያ አራት ቢሆን ነው፤ አገሩ ወደ ሆሳዕና ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ካርታውን አየ።

"ጋሼ፣ ቱንዱማን የምታልፏት በቀን ነው?"

"አዎ፤ ምነው?"

"አይ፣ እኔ በሌሊት ስለሆነ ያለፍኳት ነው። ቀን ምን እንደምትመስል አላውቅም።"

ሦስታችንም ዝም አልን። ልጁ ጣቱን አንሥቶ ሞያሌ ላይ አሳረፈ። እዚህ በእግር፣ እዚህ በጭነት መኪና ከሽንኩርት ጆንያ ሥር። ናይሮቢ አንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ሆነው አንድ ሳምንት። ታንዛኒያ ጫካ። አባቱ በሬውን ሸጠው ለደላላ የከፈሉት እዚህ ጋ አለቀ። ድንበሩን አንዴ ተሻግሮ ተመለሰ፣ ተያዘ፣ ስምንት ወር ታሰረ፣ ወደ አገሩ ተላከ። ስዋሂሊ የተማረው ወህኒ ቤት ነው። እኛ አህጉሩን ልናስስ የተነሣነው ሦስት ሰዎች ስዋሂሊ "ጃምቦ" ከማለት አናልፍም።

በልጁ መንገድ የሄደ ሁሉ አልተመለሰም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ከማላዊ ወደ ሞዛምቢክ በገባ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ የ27 ሰዎች አስከሬን ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ሉሳካ። እኛ "ሁለት ሌሊት ዕረፍት" ብለን በቀይ እስክሪብቶ የከበብናት ሉሳካ።

የልጆቹን ስቃይ ጀብዱ ብዬ ላቆነጃጀው አልፈልግም፤ ሂዱም አልልም። ግን መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ፈረንጁ ሲያልፍበት "ጀግና"፣ እኔ ሳስበው "እብድ"፣ የሆሳዕናው ልጅ ሲሞትበት "ሕገ ወጥ" የምንልበት ሚዛን ከየት የመጣ ነው? ጀብዱ የሚባለው መመለሻው የታወቀ አደጋ ሆኖ ነው መሰለኝ። ልጁን የከለከልነው አደጋውን ሳይሆን መመለሻውን ነው። ተርፎ ሲመለስ ደግሞ ያየውን የሚጠይቀው የለም። ዜናው አንድ ቀን ይነበብና ያበቃል። አምስት ቋንቋ ሰምቶ፣ ሦስት አገር በእግሩ ለክቶ የመጣ ሰው ጎማ ሲያስተካክል አጠገቡ ቆመን ካርታ እንገዛለን።

"እኔንም ይዛችሁኝ ብትሄዱ" አለ፣ ሳቅ እያለ። "መንዳት እችላለሁ።"

የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጄ ቀስ ብሎ "ቪዛ ይሰጡታል?" አለኝ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። አንዴ የተባረረ፣ የባንክ ደብተር የሌለው፣ "የጉዞው ዓላማ" በሚለው ቦታ ላይ "ጉብኝት" ብሎ ቢጽፍ ማን ያምነዋል? ከአራታችን መንገዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የማያሳልፉትም እሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን አሳጠርነው። ኬፕታውን ትቆይ። ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሰኔ ላይ ናይሮቢ ድረስ አራት ሆነን እንሄዳለን። ከሞያሌ ወዲያ መሪውን የሚይዘው ልጁ ነው። በግራ በኩል፣ በቀን።