«ካልሲየም ሲገባ ጡንቻ ይኮማተራል»፦ ስለ አንዲት ዐረፍተ ነገር

በሥነ ሕይወት ማስታወሻዎች ውስጥ ስለ ጡንቻ ሲነገር ደጋግማ የምትመጣ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ካልሲየም ወደ ሴል ሲገባ ጡንቻ ይኮማተራል» የምትለው። ሐሰት አይደለችም። የደም ሥርን፣ የአንጀትንና የማኅፀንን ግድግዳ ስለሚሠራው ልሙጥ ጡንቻ ስትነገር ግን ግማሹን ብቻ ትናገራለች።

ይህን የምናነሣው ለመራቀቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው ለሄዱ ወገኖቻችን መጠለያ በተከፈተባት፣ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት በምትገኘው በቱነይድባ፣ ወይም ላብራቶሪ ባልደረሰበት በማናቸውም የአገራችን ወረዳ የሚያስተምር መምህር ምርኩዙ ጠመኔና ሰሌዳ ነው። የሚታይ መሣሪያ በሌለበት ዐረፍተ ነገሯ ከጎደለች የሚሞላላት የለም።

አንዱ ጉድለት ከውሰት የመጣ ነው። ከአጥንት ጋር ስለተያያዘው ጡንቻ የተጻፈው እንዳለ ወደ ልሙጡ ሲገለበጥ ትሮፖኒን አብሮ ይሻገራል። በልሙጥ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየምን ተቀብሎ መኮማተርን የሚያስነሣው ግን ካልሞዱሊን የተባለው ፕሮቲን ነው። ይህ በአንድ መስመር ይታረማል።

ከባዱ ስለ አዮኖች ፍሰት ያለው ዝምታ ነው። ካልሲየም የገባበትን በር ሳይቀር መልሶ ያዛል፤ ኤል በሚባለው ቻናል የገባው ያንኑ ቻናል ያዘጋል። የክሎራይድ ቻናሎችን ሲከፍት ክሎራይድ ይወጣና የገለፈቱ ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሌላ ካልሲየም ይገባል፣ ጡንቻውም ይብስ ይጨመደዳል። የፖታሲየም ቻናሎችን ሲከፍት ደግሞ የሴሉ ውስጥ ይበልጥ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ የካልሲየም በሮች ይዘጋሉ፣ ጡንቻው ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ማርክ ኔልሰንና ባልደረቦቹ በአንጎል የደም ሥር ሴሎች ላይ ያሳዩት ይህን ነው፤ ከሴሉ ውስጥ ማከማቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ የካልሲየም ፍንጣቂ አጠገቡ ያሉትን የፖታሲየም ቻናሎች ከፍቶ የደም ሥሩን ያላላል።

ያው ካልሲየም እንዴት ያኮማትራል፣ እንዴትስ ያላላል? ንቁ ተማሪ ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ ባይጠይቅ ነው የሚያሳዝነን። ምሥጢሩ በቦታው ነው። ባላረፈ ገበያ መካከል በጆሮ ሥር የተንሾካሾከ ቃል ለዚያ ጆሮ ብቻ እንደሚሰማ፣ ፍንጣቂውም ማከማቻው አጠገብ ላለው ቻናል ብርቱ ነው፤ በሴሉ ሙሉ ሲሠራጭ ግን ከቁጥር አይገባም። በዕረፍት ጊዜ በሴሉ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጪው በ10,000 እጅ ያህል ያነሰ መሆኑንም ማስታወስ ይጠቅማል።

«ለ11ኛ ክፍል ይከብዳል» የሚሉን አሉ። እኛ ግን የሚከብደው ግማሹን ተምሮ መሄዱ ነው እንላለን። ኒፌዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት የካልሲየም በር እንደሚዘጋ የሰማ ተማሪ፣ በእጁ ያለችው ያቺ ዐረፍተ ነገር ብቻ ከሆነች፣ እናቱን «ወተት ተዪ» ቢላት ምን ይደንቃል? መድኃኒቱ የሚያግደው የሴሉን ቻናል ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን ደግሞ የፓራታይሮይድ ሆርሞንና ሌሎችም ይቈጣጠሩታል፤ አንድ ኩባያ ወተት አያናውጠውም።

ስለዚህ በሰሌዳው ላይ አንድ ሴል ይሣል፤ ከካልሲየም ሦስት ቀስቶች ይውጡ፦ አንዱ ወደ ካልሞዱሊን፣ አንዱ ወደ ክሎራይድ ቻናል፣ አንዱ ወደ ፖታሲየም ቻናል። በየቀስቱ ጫፍ «ይኮማተራል» ወይም «ይላላል» የሚለውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጻፉ።