የሎወንፌልድ መጽሐፍ በእንቁጣጣሽ ሥዕል ሲመዘን

ቪክቶር ሎወንፌልድ «የፈጠራና የአእምሮ ዕድገት» የተሰኘውን መጽሐፉን በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባሳተመ ጊዜ፣ የሥዕል ትምህርት ዓላማ የልጁን አስተሳሰብና በራስ መተማመን ማሳደግ ነው የሚለው አሳብ በመምህራን ማሠልጠኛዎች ሰፊ ቦታ አገኘ። ደራሲው ቀደም ሲል በቪየና ማየት ለተሳናቸው ልጆች የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ያስተምር ስለ ነበር፣ ልጅ ዓለምን የሚገልጽበት የራሱ መንገድ እንዳለው በቅርብ ተመልክቷል።

የመጽሐፉ ዋና ክስ የሚያነጣጥረው በተዘጋጀ ንድፍ ላይ ቀለም በመቀባትና በመገልበጥ ላይ ነው። ከመሥመር እንዳይወጣ ሲጠነቀቅ የከረመ ልጅ፣ ባዶ ወረቀት ሲሰጠው «መሣል አልችልም» ይላል፤ ሌላው ሰው የሣለው ውሻ ከእርሱ ውሻ እንደሚበልጥ ተምሯልና። በሰሌዳ ላይ የተሣለ ብርጭቆ ወይም ጎጆ ቤት ገልብጠው፣ ደብተር ሰብስበው፣ ከ10 የታረመላቸው ተማሪዎች የሚያውቁት ነገር ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊው መምህር ይህን ክስ ለመቀበል ብዙ አይቸገርም።

ይሁን እንጂ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ክሱን ያናጋዋል። በጳጉሜን ቀናት ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይና ክንፉን የዘረጋ መልአክ ሲሥሉ ይሰነብታሉ። መልአኩ ከታላቅ ወንድም የተገለበጠ ነው፤ ታላቅየውም ከሌላ ገልብጦታል። በሎወንፌልድ ሚዛን ይህ የልጁን መተማመን ሊሰብር በተገባ ነበር። የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። በክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚውል የ8 ዓመት ልጅ፣ መስከረም 1 ቀን የጎረቤት በር አንኳኩቶ «እንኳን አደረሰዎ» ብሎ ሥዕሉን በሁለት እጁ ያቀርባል። (የሴቶቹም ነገር እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ሲጠይቃት ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ በአበባየሆሽ ጊዜ አውራጅ ሆና ትገኛለች።)

ብሬንትና ማርጆሪ ዊልሰን በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ልጆች መሣልን በአብዛኛው ከሌሎች ሥዕል እንደሚማሩ በመግለጽ የሎወንፌልድን ትምህርት ተቃውመዋል። በዚህ ረገድ እውነቱ ወደ እነርሱ ያደላል። ብርጭቆውም መልአኩም የተገለበጡ ናቸውና ልዩነቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። መልአኩን ማንም አላዘዘም፤ የክንፉን ቀለም የመረጠው ልጁ ነው። ለ10 ቤት የሚሥል ልጅ አንዱን መልአክ 10 ጊዜ ይሥላል፤ አሥረኛው ከመጀመሪያው መሻሻሉንም ሌላ ሰው ሳይነግረው በዓይኑ ያያል። ከሁሉም በላይ ሥዕሉ ተቀባይ አለው። ብርጭቆው ያለው አራሚ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለሎወንፌልድ ተገቢው ሊሰጠው ይገባል። በከተሞች የታተመ ሥዕል ገዝቶ ማደል በመለመዱ፣ ልጁ የሌላ ሰው ሥራ አመላላሽ እየሆነ መጥቷል፤ ለዚህ የመጽሐፉ ክስ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። የልጅ ሥዕል በነጥብ መታረም የለበትም ያለውም ትክክል ነው። ጎረቤት ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም ይሰጣል እንጂ ከ10 ስንት እንዳገኘ ለልጁ አይነግረውም።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲይዝ መደረጉ ለዚህ ሥራ አመቺ ነው፤ ሥዕሉን ከአማርኛው ጋር አገናኝቶ ልጆቹ ለታናናሽ ክፍሎች ወይም ለወላጆች የሚሰጥ ነገር እንዲያዘጋጁ ማድረግ ይችላልና። ፈተና ሲቃረብ ግን በመጀመሪያ የሚታጠፈው የሥዕል ክፍለ ጊዜ መሆኑን መምህራን ያውቁታል። በዕቃ እጥረት የሚቀርብ ምክንያትም ብዙ አያስኬድም፤ የጳጉሜኑ ሥዕል ከደብተር በተገነጠለ ወረቀትና በጥቂት ባለ ቀለም እርሳስ ሲሠራ ኖሯል። ዕቅድ አውጪው ሊሰጥ የሚገባው ጊዜ ነው፤ አንዱን መልአክ 10 ጊዜ ለመሣል 40 ደቂቃ አይበቃም።