ፎርማት ከማድረግዎ በፊት

ያረጀ ኮምፒውተር ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ምርመራውን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው፦ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት አድርግልኝ።» እኔ መጀመሪያ የማየው የሃርድ ዲስኩን መብራት ነው። ማንም ሳይነካው መብራቱ አልጠፋ ካለ፣ ከውስጥም የማያቋርጥ የዲስክ ድምፅ ከተሰማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የራም ማነስ ነው።

256 ሜጋባይት ራም ይዞ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ ማሽን ጸረ ቫይረስና ብሮውዘር ሲከፈትበት ይሞላል። ያኔ ዊንዶውሱ ለጊዜው የማይፈልገውን በ4 ኪሎባይት እየቆረሰ ዲስኩ ላይ ወዳለ ድብቅ ፋይል ያወጣል፤ ሲፈልገው ይመልሳል። ዘዴው የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ማንችስተር ውስጥ ሥራ የጀመረው አትላስ ኮምፒውተርም ይጠቀምበት ነበር። ጣጣው ፍጥነቱ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ የተጠየቀውን ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ራም ደግሞ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ይቀድማል። ስለዚህ ይህን ፋይል፣ ማለትም ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚባለውን፣ ማስፋት ፕሮግራም እንዳይዘጋ ያደርጋል እንጂ ማሽን አያፈጥንም።

ኤክስፒ የፋይሉን መጠን ራሱ ሲመድብ መነሻውን የራሙን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ጣሪያውን ሦስት እጥፍ ያደርጋል። ብዙ ባለሙያ ይህን እንደ ሕግ ይዞታል፤ እኔ አልቀበለውም። ባለቤቱ አዘውትሮ የሚሠራባቸውን ሁሉ እከፍትና ታስክ ማናጀር ውስጥ ኮሚት ቻርጅ ሥር ያለውን «ፒክ» አያለሁ። 600 ሜጋባይት ከደረሰ፣ ከራሙ የሚተርፈው 344 ነው፤ መጠባበቂያ ጨምሬ 512 እሰጠዋለሁ። ፋይሉ በየጊዜው እየተለጠጠ ዲስኩ ላይ እንዳይበታተን መነሻውንና ጣሪያውን እኩል አደርጋለሁ። (ቁጥሩን ጽፈው «ሴት» የሚለውን በተን ሳይጫኑ «ኦኬ» ብለው የሚወጡ ብዙ ናቸው፤ ለውጡ አይያዝም።)

ፋይሉን ወደ ዲ ድራይቭ ማዛወር ይሻላል የሚሉ አሉ። ዲ ራሱን የቻለ ሌላ ዲስክ ከሆነ እውነት ነው። አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ግን አንባቢው ጭንቅላት ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ይውላል፤ ይባስ ይንቀራፈፋል። ጨርሶ ማጥፋቱንማ አልመክርም።

ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚከፈቱትን ፕሮግራሞች ይቀንሱ። ለፎርማት የሚከፍሉትንም ለራም ያውሉት። ሲገዙ ግን ቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር ይሁን ዲዲአር 2 አስቀድመው አስከፍተው ይዩ፤ የአንዱ ራም በሌላው ቦታ አይገባም።