ይድነቃቸው ተሰማ፦ የአፍሪካ እግር ኳስ ባለውለታ

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የታወቁ ባለቅኔና ድምፃዊ ነበሩ። ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከ20 ዓመት በላይ ተሰልፎ ከተጫወተ በኋላ ዕውቀቱን ለአገርና ለአህጉር አገልግሎት አዋለ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጥኗል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሕልፈቱ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርቷል።

ትልቁ ውለታው ስፖርትን ከሰው ልጅ ክብር አለመነጠሉ ነው። ዘረኛው የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ከውድድር እንዲታገድ ያለመታከት ታግሏል፤ ፊፋም በ1968 ዓ.ም. የአገሪቱን ማኅበር አባርሯል። አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የነበራት አንድ ቦታ በ1982 እ.ኤ.አ. ውድድር ወደ ሁለት ያደገው በእርሱ የአመራር ዘመን ነው። ይድነቃቸው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ቢያርፍም፣ በሥልጣኑ ለራሱ ሳይሆን ለአህጉሩ ወጣቶች የሠራ መሪ በመሆኑ ዛሬም በአክብሮት ይታወሳል።