ሰይፍ መያዣ እጅ የለም

አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ የመጀመሪያ ረቂቁን ላከልኝና «ጋሼ፣ ለጌዴዎን ሰይፍ ምን ዓይነት ኃይል ብሰጠው ይሻላል? መብረቅ ይትፋ ወይስ በራሱ ይብረር?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ብዕር አለው፤ ፊልም ግን በዝቶበታል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተነስተን ለወጣቶች ምናባዊ ልብ ወለድ የምንጽፍ ሰዎች ሁለት ጎራ ነን። አንዱ ጎራ በየምዕራፉ ኃይል ይጨምራል። እኔ ቀንሱ ባይ ነኝ፤ ከዚህም ማንም አያነቃንቀኝም።

መሳፍንት ምዕራፍ 7ን እንይ። ጌዴዎን ምድያማውያንን ሊወጋ 32,000 ሰው ይዞ ይነሳል። የፈራ ይመለስ ሲባል 22,000ው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የቀረው 10,000 ውኃ ዳር ተፈትኖ 300 ይሆናል። የፊልሙ ጀግና ታሪኩ በገፋ ቁጥር ይታጠቃል፤ ይኼኛው ይራቆታል። ሌሊቱ ሲደርስ የእያንዳንዱ ሰው ግራ እጅ ችቦ፣ ቀኝ እጁ ቀንደ መለከት ይዟል። ሰይፍ መያዣ እጅ የለም። ሰይፉ ያለው ስሙን እየጠሩ በሚጮኹት ጩኸት ውስጥ ብቻ ነው።

ችቦው ደግሞ ማሰሮ ውስጥ ነው። ደመራ ለኩሶ ያደገ የቡሬ ልጅ እዚህ ላይ ይጠይቃል፤ እኔም ስጽፍ እዚሁ እቆማለሁ። ችቦው ታፍኖ እንዳይጠፋ፣ ነዶም እንዳያጋልጥ ምን ይደረጋል? ጭሱ በማሰሮው አፍ እየሾለከ ዓይን ይለበልባል። አንዱ ቢያስነጥስ 300ው አለቀ ማለት ነው። ያቺ የታፈነች ማስነጠስ ከመብረቁ ሁሉ ትበልጥብኛለች። ድንቅ ነገር ካማረንም ታሪኩ የራሱ አለው፦ በጠላት ሰፈር አንድ ወታደር የገብስ እንጎቻ ተንከባልላ ድንኳን ስትገለብጥ በሕልሙ ያያል። ድራጎን ምን ያደርግልናል?

የእኛ ሰፈር ይህን ታሪክ አንድ ጊዜ በአካል አይቶታል። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ከንጉሡ ጋር ጎጃም ሲገባ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ያሉበትን ጦሩን በጌዴዎን ስም ሰየመው። በቁጥር በብዙ የሚበልጠው የጣሊያን ጦር በየካቲት ወር ቡሬን ለቆ ወጣ። ከሱዳን የተነዱት ግመሎች ግን ደጋው አልበጃቸውም፤ አብዛኞቹ አለቁ። በመሳፍንት ግመሉ የምድያም ነበር፤ ጎጃም ላይ ጎራ ቀየረ። በዚች ነገር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌአለሁ። አንድ አርታኢ «በልጆች መጽሐፍ ግመል አይሞትም» ብሎ ሊያስወጣብኝ ነበር፤ ተጨቃጭቀን ምዕራፏ ሳትወጣ ቀረች።

እዚህ ሥራ ላይ የያዘኝ ግን ዬቴር ነው። በምዕራፍ 8 ጌዴዎን የተማረኩትን ሁለት የምድያም ነገሥታት እንዲገድል በኩር ልጁን ያዝዘዋል። ልጁ ሰይፉን አልመዘዘም፤ ገና ልጅ ነበርና ፈራ። መጽሐፉ አይነቅፈውም፣ አያወድሰውም፤ አልፎት ይሄዳል። ብዙ ጸሐፊም አብሮ ያልፈዋል። እኔ ያደግሁት የፎከረ ወንድ በሚባልበት ቤት ነው፤ ፈሪም ነበርኩ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እኩያዬን ያገኘሁት እሱ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ መላእክት ብጽፍ፣ ረዓይት ብጽፍ፣ አንድ ጥግ ላይ የሚቆም እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። አንባቢዎቼም የሚጠይቁኝ ስለ መላእክቱ ሳይሆን ስለ እሱ ነው።

ዛሬ ተኩስ እየሰማ ለሚያድግ የጎጃም ልጅ ከሰማይ የሚገድል ነገር ተረት አይደለም። ብርቅ የሚሆንበት፣ ግደል ተብሎ እጁን የሰበሰበ ልጅ ነው። ስለዚህ ጀማሪውን ሰይፉን ተውና ከምዕራፍ 8 ጀምር አልኩት። ያን ማታ አባትና ልጅ በአንድ ድንኳን ሲያድሩ ምን እንደተባባሉ አልተጻፈም። ምናብ የሚያስፈልገን ለዚያ ነው።