ምርቃቱ ቸኮለ

ፈረንሳዊውን የስላም ገጣሚ አብድ አል ማሊክን ሰምተኸው ይሆን? ስላም ግጥምን ሳያዜሙ በንግግር ማሰማት ነው። ወላጆቹ ኮንጎአውያን ሲሆኑ፣ በስትራስቡርግ ኖይሆፍ በተባለ የድሆች ሰፈር አድጎ በወጣትነቱ ሰለመ። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው «ጂብራልታር» (የኛው ጀበል ጣሪቅ መሆኑን ልብ በል!) የራፕ ጩኸቱን ቀንሶ፣ የዣክ ብሬል አጃቢ በነበረው በዤራር ዡአኔስት ፒያኖ ታጅቦ እንደሚያወጋ ሰው ይናገራል።

በ2004 የጻፈው መጽሐፍና በ2014 ራሱ ያዘጋጀው ፊልም ግን «አላህ ፈረንሳይን ይባርክ» ይላሉ። ምርቃቱን አልጠላሁም፤ የሰፈሩ ስሞታ ተነግሮ ሳያልቅ መቸኮሉ ነው የከበደኝ። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) እንኳ እየታገሡ ሐዘናቸውን ለአላህ አሰምተዋል። አንተ ከ«ጂብራልታር» ጀምር፤ ከመስከረም 2001 ጥቃት ማግስት ሙስሊም መሆንን የሚናገርበትን ደጋግመህ ስማ።