ከኮንደንሰሩ ፊት ያለው አየር

የመኪና ኤሲ ሥራው ሙቀት ማውጣት ነው። በውስጡ የሚዞረው ጋዝ ከተሳፋሪው ክፍል የሰበሰበውን ሙቀት ተሸክሞ ይወጣና ከመኪናው ፊት ለሚገባው አየር ያስረክባል። ርክክቡ የሚፈጸመው ከራዲያተሩ ፊት በቆመው ኮንደንሰር ላይ ነው። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ነው፤ ተቃጥለው ለጥገና ከሚመጡልኝ ኮምፕሬሰሮች ብዙዎቹን የጎዳቸው እርጅና አይደለም፤ መኪናው ከተገዛ በኋላ ኮንደንሰሩ ፊት የተገጠመ ነገር ነው።

ስለዚህ የግፊት ጌጅ ከማሰሬ በፊት ደንበኛዬን "በቅርቡ መኪናው ላይ ምን አሠሩ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ "ምንም" ነው። ፊት ለፊት ግን አዲስ የብረት መከላከያ ተበይዷል፤ መሐሉ ላይ ሁለት ትልልቅ ፓውዛዎች ተሰቅለዋል፤ በፍርግርጉ ላይም ለጌጥ ተብሎ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ተደርቧል። ሰውዬው አልዋሸም። ያሠራው መብራትና መከላከያ ነው፤ ኤሲውን ማንም አልነካበትም።

አየር ሲታፈን የሚሆነውን በቁጥር ላሳይ። በብዙ መኪኖቻችን ውስጥ ያለው አር 134ኤ የተባለው ጋዝ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ ፈሳሽ ሲለወጥ ጌጁ 180 ፒኤስአይ ገደማ ያነባል። ኮንደንሰሩ አየር አጥቶ 70 ዲግሪ ከደረሰ ግን ንባቡ ወደ 290 ይወጣል። ይህን ሁሉ ጫና የሚገፋው ኮምፕሬሰሩ ነው። ዘይቱ በሙቀት ብዛት ይበላሻል፣ የኮምፕሬሰሩ ክላች ይግላል፣ የቧንቧ መጋጠሚያ ጎማዎች ይደርቃሉ። የግፊት መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ለማዳን ሲል ያጠፋዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመልሰዋል። ባለመኪናው ደግሞ "አንዴ ይቀዘቅዛል፣ አንዴ ይሞቃል፤ ጋዝ ጨምርልኝ" ይላል። ከፍ ባለ ግፊት ላይ ጋዝ መጨመር ግፊቱን ያባብሰዋል። ጥያቄው የደንበኛው ቢሆንም ጥፋቱ እሺ ብሎ የሚሞላው ባለሙያ ነው።

አዲስ አበባ ይህን ችግር ትደብቃለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የቀኑ ሙቀት ልከኛ ነው፤ ኮንደንሰሩ ግማሽ ፊቱ ተሸፍኖም እንደምንም ይወጣዋል። መከላከያውን የሠራው በያጅም ሞተሩን አስነስቶ፣ ኤሲውን ሞክሮ፣ ደህና መሆኑን አይቶ ይሸኛል። መኪናው ወደ አዳማ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለጣል። አዋሽ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩም የሚያቃጥል ነው። ኤሲ በእርግጥ የሚፈለገው እዚያ ነው፤ የሚያቆመውም እዚያው ነው። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚሠራን መኪና በከተማ ሙከራ ብቻ አላምነውም።

ሁለተኛው ጉዳት መፋተግ ነው። ኮንደንሰር ስስ አልሙኒየም ነው። የመከላከያው ብሎን ወይም የፓውዛው ማሰሪያ በጣት ስፋት እንኳ ሳይርቀው ከታሰረ፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ቧንቧውን ይበሳዋል። ቀዳዳውን ማግኘት አይከብድም፦ ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ቦታው ላይ አቧራ የለበሰ ቅባት ይታያል። ኮምፕሬሰሩ የሚለሰልሰው ከጋዙ ጋር በሚዞረው በዚያው ዘይት ነው። ጋዝ ብቻ ሞልቶ የጎደለውን ዘይት አለመተካት ኮምፕሬሰሩን ደረቁን ማሠራት ነው።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ለተጨማሪ መብራትና ለትልቅ ድምፅ ማጉያ የሚሆን መስመር ከኤሲው ወይም ከማራገቢያው ፊውዝ ላይ ሲቀጠል እናያለን። ክላቹ የሚይዘው በማግኔት ነው፤ ኃይሉ ሲያንስ አጥብቆ አይዝም፣ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ፊውዙ ሲበጠስ ደግሞ በትልቅ ፊውዝ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ የሚነደው ሽቦው ነው። ማራገቢያው ሲቀየርም ገመዱ ተገልብጦ ታስሮ አየሩን በተቃራኒው ሲገፋ አግኝቻለሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መኪናው ቆሞ ኤሲው ሲሠራ አንድ ወረቀት ፍርግርጉ ላይ ያስጠጉ። ስቦ ከያዘው አየሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከገፋው ግን ሥራው ተገልብጧል።

ማሻሻያን አልቃወምም። ገጠር ለሚሠራ መኪና መከላከያም ፓውዛም ያስፈልገዋል። ብረቱ ከኮንደንሰሩ በቂ ክፍተት ይኑረው፤ መብራቱ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይሰቀል፤ መስመሩ ከባትሪ በራሱ ፊውዝና ሪሌይ ይምጣ፤ የማራገቢያው ከለላ ተነቅሎ አይጣል። ኮምፕሬሰሩ ከተሰባበረ ደግሞ ብናኙ በኮንደንሰሩ ውስጥ ይቀራል። የዛሬዎቹ ኮንደንሰሮች ቀዳዳቸው በጣም ጠባብ ስለሆነ አጥቦ ማጽዳት አያስተማምንም፤ አብሮ መቀየር ነው። ያፈነውን ነገር ሳያነሱ ኮምፕሬሰር መግጠም ግን ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ጉዳዩ ከብዷል። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ያው የኤሲ ጋዝ ባትሪውንም ያቀዘቅዛል። አየሩን ያፈነ ጌጥ ከተሳፋሪው ምቾት አልፎ ባትሪውን ይነካል። ኮምፕሬሰሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዓይነት መሆን አለበት፤ ለነዳጅ መኪና የለመድነውን ዘይት እዚያ ማፍሰስ አደጋ ነው። ይህን ቮልቴጅ የሚያስተላልፈው ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን አካባቢ ያልሠለጠነ ሰው መሰርሰር የለበትም።

በያጁ፣ ኤሌክትሪሺያኑና የኤሲ ባለሙያው የምንሠራው አንድ መኪና ላይ ነው። አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ በሠራ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው በረሃ መሐል ከነቤተሰቡ የሚቆመው ባለመኪና ነው። ጥያቄው ከባድ አይደለም፤ መሰርሰሪያው ከመነሳቱ በፊት "አየሩ በየት ያልፋል?" ማለት ይበቃል።